ሦስተኛው ጥሪ

ማራኪ ሰፈር ውስጥ ራዲዮ እጠግናለሁ። ርካሽ ዕቃ እሸጣለሁ እንጂ የማይሠራ ዕቃ አልሸጥም፤ ይህን የሚጠራጠር ሰው ያናድደኛል።

አያ አስናቀው ሳንጃ ላይ በትንሽ አውሮፕላናቸው የሰሊጥ ማሳ መድኃኒት ይረጫሉ። ያላቸው አንድ የአውሮፕላን መገናኛ ራዲዮ ሲበላሽ፣ የአዲሱ ዋጋ አልቀመስ ቢላቸው አሮጌውን በሚኒባስ ሾፌር ላኩልኝ። እሳቸውን አይቼ አላውቅም፤ በስልክም አውርተን አናውቅም።

ከአንድ ያረጀ አውሮፕላን የተፈታ ዕቃ ፈልጌ ጠገንሁት። ቀትር ላይ ከባትሪ ጋር ሳገናኘው ወዲያው የወንድ ድምፅ በስሜ ተጣራ።

«አዜብ! ጉም ውስጥ ገብቻለሁ፤ መሬቱ አይታየኝም!»

እናቴ «በቀትር የጠራሽን ሦስት ጊዜ ካልደገመ አቤት አትበይ፤ ጋኔን የሚጣራው ሁለቴ ነው» ትል ነበር። እኔ የተማርሁ ነኝ፤ በዚህ ወሬ እስቅ ነበር። ድምፁ ደግሞ ሲጠራኝ ግን የራዲዮውን መነጋገሪያ እንደያዝሁ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም።

አንቴናውን ገና እንዳልሰካሁት ያየሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ አንድ ሰው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ውጭ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ የእሳቸው ካፖርት ግን ውሃ ያንጠባጥባል።

«አስናቀው ነኝ» አሉ። ድምፁ ያው ነበር።

ራዲዮውን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ሸጋ አርገሽ ሠርተሽዋል» አሉ። ከደጃፉ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ትናንት ሁለቴ ስጠራሽ ምነው ዝም አልሽኝ?»