ሲንቄና ጥቁሩ ሞተር

ሞተር ሊገዛ መሆኑን የነገረኝ ራሱ ምልኬሳ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተቃጠልኩ። የሰማሁት ከሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ከጉርሜሳ ነው። ከገበያ ሲያመጣኝ ዘንቢሌን እያወረደ፣ “እማማ ዲንቄ፣ የልጅ ልጅዎ እኮ አውሬ ሊጋልብ ነው!” አለኝና ሳቀ። ሽንኩርቱ እዚያው በሩ ላይ ተበተነ።

እራት ላይ ስጠይቀው አልካደም።

“አኮ፣ ልነግርሽ ነበር እኮ።” አያቱ ስለሆንኩ በኦሮምኛ አኮ ይለኛል፤ ሲያባብለኝ ደግሞ ያረዝማታል።

“መቼ? ቀብራችሁኝ ስትመለሱ?”

ምልኬሳ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። መቂና ባቱ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች ፓምፓቸው ቀጥ ሲል ይደውሉለታል፤ አንዳንዴም እስከ አርሲ ነገሌ ይጠሩታል። እሱ የመፍቻ ሳጥኑን ታቅፎ መናኸሪያ ሲጋፋ ማሳው ይጠወልጋል፣ ባለማሳውም ተናዶ ሌላ ጠጋኝ ይጠራል። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ግን ያንን መንገድም አውቀዋለሁ። አባቱ ኢተፋ፣ ብቸኛው ልጄ፣ ሽንኩርት የጫነ መኪና ይዞ ሲወርድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ነው የቀረው። ምልኬሳ ያኔ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሌላ ልጅ የለኝም፤ ሌላ የልጅ ልጅም የለኝም።

“ካልመረቅሽኝ አልገዛም። ይኸው ቃሌ” አለኝ።

ቃሉን እንደማያጥፍ አውቃለሁ። እኔ እንትፍ እንትፍ ብዬ ሳልመርቀው አዲስ ጫማ እንኳ አድርጎ ከዚህ ግቢ አይወጣም። አልመርቅም ብዬ ልገላገል አሰብኩ፤ ፊቱ ሲጠቁር ሳየው ግን አንጀቴ አልቻለም።

“የግድ ከሆነ ያቺን ትንሿን ግዛ። ሰዉ ሁሉ የሚነዳትን ዶቅዶቄ።”

“ሞተር ቤቱ ያሉትን ሦስቱንም ሞክሬ ነው የምመርጠው። ነይና በዓይንሽ እዪ።”

ሄድኩ። ስሄድ ግን ሲንቄዬን ይዤ ወጣሁ።

ሲንቄ ለማያውቅ፣ እናቴ ስትድረኝ በእጄ ያስያዘችኝ ቀጭን ዘንግ ናት። በእኛ በአርሲዎች ዘንድ ባለትዳር ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሃል ከቆመች፣ የሚደባደብ ሰው እንኳ እጁን ይሰበስባል። በፊቷ ጥሶ የሚያልፍ የለም፤ ቆሞ ይሰማታል፣ የጠየቀችውንም አይነፍጋትም። ታዲያ ለተራ ነገር አትወጣም። ሰው ከሰው ሲጣላ፣ ሴት ስትደፈር፣ ያኔ ነው። ለሞተር ብዬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሳወጣት ቅር ብሎኝ ነበር። እናቴ ብታይ ምን ትላለች? ግን ምን ላድርግ፣ ይህን ልጅ በቃል አልችለውም።

ሞተር ቤቱ ወደ ወንጂ መውጫ በኩል ነው። ከኋላው መኪና ያልበዛበት አዲስ አስፋልት አለ፤ ገዢው ሁሉ እዚያ ይሞክራል። የተቀበለችን ሻጯ ሉብና ናት፣ ሱሪ በሻሽ የለበሰች፣ ምላሷ ከሞተሮቿ የፈጠነ ልጅ።

“እማማ፣ እርስዎም ሊሞክሩ ነው እንዴ? ዱላዎን ልያዝልዎት።”

“ዱላ አይደለችም።”

ጠጋ ብላ አየችና እጇን ሰበሰበች። “ውይ፣ ሲንቄ ናት ለካ። ይቅርታ።” ከዚያ ቀልዷን ትታ ሞተር ልታወጣ ገባች።

መጀመሪያ ትንሿን ነዳ። እኔ ያልኩትን ነው። ድምፅዋ እንደ ሰፈራችን ወፍጮ ቱግ ቱግ የሚል፣ መምጣቷ ከሩቅ የሚሰማ፣ የማትደብቅ። “ይኸው፣ ምን ጎደላት?” አልኩት ጉርሜሳን። ባጃጁን ጥላ ስር አቁሞ፣ ሥራውን ትቶ ትርኢት ሊያይ ተቀምጧል።

“የመፍቻ ሳጥኑን ሲጭንባት አፍንጫዋ ሰማይ ሊያይ ነው፣ እማማ።”

“አንተን ማን ጠየቀህ?”

ምልኬሳ ዞሮ ሲመለስ ከጎን ካለው ኮረኮንች የፈረስ ጋሪ ብቅ አለ። ፍሬን ያዘ። የኋላ ጎማዋ ተቆለፈና እንደ ሳሙና ሸርተት አለች፤ እሱም ሞተሯም አስፋልቱ ላይ ተጋደሙ። እኔ የጮህኩትን ጩኸት አዳማ በሙሉ ሳይሰማው አልቀረም። ሮጬ ስደርስ ክርኑ ተልጧል፣ እሱ ግን ይስቃል!

“ምንም አልሆንኩም፣ አኮ።”

“ጥፋቱ የፈረሱ ነው!” አልኩ።

“እማማ፣ ፈረሱ እኮ ቆሞ ነበር” አለ ጉርሜሳ ከኋላዬ።

ሁለተኛዋን ብዙም አላወራላትም። ጭስ ማውጫዋ የሰፈር ውሻ የሚያስበረግግ፣ ጉልበቷ ግን ከጩኸቷ የማይደርስ ነበረች። ምልኬሳ ወርዶ መዳፉን አራገፈ፤ “ንዝረቷ እጄን አደነዘዘኝ። በዚህ እጅ ባቱ ደርሼ ብሎን ልፈታ አልችልም” አለ። እሷም ቀረች።

ከዚያ ሉብና ጥቁሩን እየገፋች አወጣችው። አቤት! ትከሻው የሰንጋ፣ ዓይኑ የጅብ ነው። ሲነሳ ያገሳል ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ስል እንደ ድመት አንኮራፋ፣ በቃ። ይሄ ይበልጥ አስፈራኝ። የማይጮህ ውሻ ነው የሚነክሰው።

“ይሄ ሌላ ነው” አለች ሉብና ምላሷ ተመልሶላት። “ሳጥን ብትጭንበት፣ ሰው ብትጭንበት አይሰማውም። አቀበት አያውቅም።”

“ቁልቁለትስ?” አልኳት። ምልኬሳ ግን እጀታውን ጠምዝዞ ሄዶ ነበር። መሄድ ይባል እንደሆነ። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ መንገዱ ባዶ ነው።

“ወንድሜን! ንፋስ እኮ ነው!” ጉርሜሳ ጭኑን መታ።

ሲመለስ አየሁት። መጀመሪያ ነጥብ፣ ወዲያው ሰው። ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩም። ነጠላዬን አጣፋሁና ሲንቄዬን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ አስፋልቱ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ሉብና ጮኸች። ጉርሜሳ ተነስቶ ሊጎትተኝ መጣ፤ ሲንቄዋን ሲያይ እሱም የአርሲ ልጅ ነውና ባለበት ቀረ።

ሞተሩ እንደሚንበረከክ በሬ ፊቱን ደፋ። ጎማው አልጮኸም፣ ወዲያና ወዲህም አላለም፤ መስመር ላይ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ መጣና ቆመ። እጄን ብዘረጋ መብራቱን እነካዋለሁ። አቧራው ነው ዘግይቶ የደረሰው።

ምልኬሳ ሄልሜቱን አወለቀ። ፊቱ አመድ መስሏል። “አኮ! ብገጭሽስ? ብትሞቺብኝስ?” ሌላ ሊል ነበር፤ ዓይኑ ሲንቄዋ ላይ አረፈና ዋጠው። ሞተሩን አቁሞ ወረደ፤ ሄልሜቱን ደረቱ ላይ ይዞ ፊቴ ቆመ። “እሺ፣ አኮ። የምትይውን በይ።”

“ፍሬን ሲያዝ ጎማው አይቆለፍም” አለች ሉብና በቀጭን ድምፅ። “ሲሸራተት ራሱ ያውቃል። ትንሿ ብትሆን ኖሮ እማማ...”

“ትንሿ ብትሆን ኖሮ ድንኳን እንተክል ነበር” አለ ጉርሜሳ።

አፍህን ዝጋ አልኩት፤ እውነቱን ግን ነው።

የምለውን ከትናንት ጀምሬ አዘጋጅቼዋለሁ፤ “ተወው”፣ ይኸው ነው። አንዴ ብለው ይተወዋል፤ ያቺን ሸርታቴ ይገዛና ሳጥኑን ጭኖ በከባድ መኪኖች መሃል አርሲ ነገሌ ይወርዳል። እኔም ያልኩት ሆነልኝ እላለሁ። ኢተፋ በመጨረሻዋ ሰዓት እግሩ ፍሬኑ ላይ ምን እንደተሰማው ሁሌ አስባለሁ። ረገጠ፣ የለም። ደግሞ ረገጠ፣ የለም። ይሄኛው ግን ዓይኔ እያየ ያዘ። በሞተሩም፣ በራሴም፣ በዚያ በፈረሱም ተናደድኩ።

“ሂድ” አልኩት።

“ወዴት?”

“ወደመጣህበት። እንደገና ና፣ እንደገና አቁመው።”

“አንቺ መሃል ቆመሽማ አልነዳም!”

“ዳር እቆማለሁ። ሲንቄ ይዤ ጠይቄሃለሁ፤ ልትነፍገኝ ነው?”

ሄዶ መጣ፤ ቆመ። የመፍቻ ሳጥኑን አስጫንኩት፤ ቆመ። ጉርሜሳን አንድ ጀሪካን ውሃ አስመጥቼ አስፋልቱ ላይ አስደፋሁት፤ እርጥቡም ላይ ቆመ። በመጣ ቁጥር እንዲንሸራተትና እንድገላገለው እመኛለሁ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ እንዳይንሸራተት ነፍሴን ይዤ እለምናለሁ።

“እማማ፣ የሠራው ፋብሪካም እንዲህ አልፈተነው” አለች ሉብና።

“ፋብሪካው የልጅ ልጁን አላስቀመጠበትማ!”

እጀታው ላይ እንትፍ እንትፍ ብዬ መረቅኩት። ወድጄ እንዳይመስልህ አልኩት፤ “አውቃለሁ፣ አኮ” አለኝ። ሲንቄዬንም ይቅርታ ጠይቄ ወደ ቦታዋ መለስኳት፤ ለብረት ሁለተኛ አላወጣትም።

አሁን በር ላይ የምቆመው ባዶ እጄን ነው። ከግቢ ሲወጣ መዳፌን እዘረጋለሁ፤ መዳፌ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። “ያዘ?” እለዋለሁ። “ያዘ፣ አኮ።” ከዚያ ይሄዳል። ዛሬም ባቱ ተጠርቶ ሄዷል። ይህ የአዳማ ንፋስ ደግሞ የሞተር ሁሉ ድምፅ ጠርጎ ወደ እኔ ያመጣዋል፤ በሰማሁ ቁጥር ብድግ ብዬ በር እከፍታለሁ።

“እማማ ዲንቄ” ይለኛል ጉርሜሳ ከባጃጁ ውስጥ፣ “ይቀመጡ እንጂ! ልጁ ገና ሞጆም አልደረሰ።”