ቅል፣ ገብስና ድንጋይ

"አሁን ደግሞ ከቅሉና ከድንጋዩ የትኛው ይሻላል?" አለ ፊልጶስ፣ ሁለቱን አጎዛው ላይ ወደ ሽታዬ ገፋ አድርጎ።

ሽታዬ እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው።

ከመካነ ብርሃን ወጣ ብላ ያለችው መንደር ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር ተሰብስቧል። ፊልጶስ ከጎንደር የመጣው መንደሩ ምን ቢሠራለት እንደሚመርጥ ሊጠይቅ ነው። ቅሉ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ጭብጥ ገብሱ ወፍጮ፤ ድንጋዩ የመኪና መንገድ። ሁለት ሁለቱን እያቀረበ ያስመርጣል። የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሴቱ ውሃ፣ ወንዱ መንገድ ብሎ እኩል ተካፍሎ፣ መጨረሻ የቀረችው ሽታዬ ናት።

ቅድም ከቅሉና ከገብሱ ገብሱን አንስታለች። ውሃው ደጇ ከመጣማ ከማን ጋር ምንጭ ልትወርድ ነው? ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከሰው ጋር የምታወራው እዚያች ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው። ከገብሱና ከድንጋዩ ደግሞ ድንጋዩን አነሳች፤ ለአንዲት ነፍስ የምትበቃ ገብስ በእጅም ትፈጫለች፣ መንገድ ግን ጎንደር የቀረውን ልጇን ወንዴን ያመጣላታል።

አሁን ግን እጇ ሄዶ ቅሉን ያዘ።

"ኧረ ሽታዬ! ዙሪያ ጥምጥም ሄድሽ እኮ!" ብለው አያ ነጋ ሳቁ። ሰውም ተከትሎ ሳቀ።

ፊልጶስ መልሷን የሚመዘግብበትን ስልክ አየና ራሱን ነቀነቀ። "እማማ፣ መልስዎ እርስ በርሱ ይጋጫል። ከውሃ ወፍጮ፣ ከወፍጮ መንገድ ይሻላል ብለውኝ ነበር። ታዲያ መንገድ እንዴት ከውሃ ያንሳል? እንዲህ የሚምታታ ከውሳኔው ይወጣል።"

"እኔ ልወጣ?"

"መልስዎ እንጂ እርስዎማ አይደሉም።"

"ሌላ ምን አለኝና ልጄ?"

አያ ነጋ ጣልቃ ገቡ። "ምነው ሽታዬ? ወንዴ የማይመጣው መንገድ ስለሌለ ነው ስትይን አልነበር? በይ መንገድ በያ!"

ብላለች፤ ስንቴ ብላለች! ለፋሲካ ሙክት አስራ ጠብቃው ሲቀር፣ "በምን ይምጣ ልጄ፣ መንገድ የት አለና!" ትላለች። ሰውም "እውነትሽን ነው" ይላታል። የጎረቤቷ የዓይናዲስ ልጅ ያንኑ ዳገት በእግሩ ወጥቶ ሲመጣ እንኳ ማንም ደፍሮ አልተናገራትም። የሰው ደግነትም አንዳንዴ ያንገበግባል። መንገዱ ወጥቶ ወንዴ ቢቀርስ? ያኔ በምን ታሳብብ? አሁን መንገዱ በእሷ ቃል ሊወሰን ሲል ያስፈራት ይኸው ነው። ብቻዋን መሆኑንስ ለምዳዋለች፤ መረሳቷን ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

"ልድገምልዎ እማማ?" አለ ፊልጶስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ተዋት፣ ከፈለገች ይቅርባት" አለች ዓይናዲስ። የሽታዬን ፊት አይታ ነው።

ሽታዬ ግን ቅሉን ቀስ ብላ አጎዛው ላይ መለሰችው። ነጠላዋን አስተካክላ ድንጋዩን አነሳችና ለፊልጶስ አቀበለችው። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

"መንገዱን አስቀድምልኝ ልጄ" አለችው። "ከመጣ ይምጣ፤ ካልመጣም ልወቀው።"