የወጥ ቤቱ ጠርዝ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው የምትኩ እንጨት ሥራ ቤት የገዲሴ ሥራ ጠርዝ ማልበስ ብቻ ነው። ሌሎቹ የቺፑድ ጣውላ ይቆርጣሉ፣ ይገጥማሉ፤ እሷ ተቆርጦ የሻከረውን ጎን ስስ ፕላስቲክ ታለብሳለች። የማጣበቂያው የማስቲሽ ሽታ ራሷን ያዞራታል፣ ጎንበስ ቀናው ወገቧን ጨርሶታል። የዚያን ቀን ሽርጧን ፈታ ልትወጣ ስትል ምትኩ ጠራት።

«ገዲሴ፣ ለቡ የወሰድነው መደርደሪያ ጠርዙ ሳይለብስ ነው የሄደው። ያዘዙትን ሰው ባለቤት እየቧጨራቸው ነው አሉ።»

«ነገ አይሆንም?»

«ሴትየዋ ማየት አይችሉም።»

የመሥሪያ ዕቃ ሻንጣዋን አነሳች። ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ እያዳፋት ሄደች። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ ሻንጣዋን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጣች።

የከፈቱላት አቶ ወጋየሁ ናቸው፤ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው።

«የነፋስ ስልኩ ቤታችን ፈርሶ እዚህ ከገባን ወዲህ ሸዋረገድ ከመኝታ ቤት አትወጣም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሳያማት አልቀረም። ብቅ ስትል ደግሞ ይሄ እንጨት እጇን ይልጣታል። ሁሉንም ልስልስ አድርጊልኝ።»

መደርደሪያው የወጥ ቤቱ መግቢያ ላይ ቆሟል። ገዲሴ ተንበርክካ ከታች ጀመረች። ማስቲሽ ትቀባለች፣ እስኪያዝ ትጠብቃለች፣ ፕላስቲኩን ትጫናለች፣ ትርፉን በምላጭ ትቆርጣለች። በበሩ በኩል ያለው ጎን ብቻ ሲቀራት እማማ ሸዋረገድ ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ። ሁለት ጣታቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ማነሽ ልጄ?»

«ጠርዝ የማለብሰው ነኝ፣ እማማ።»

እጃቸው ያልለበሰውን ጎን አገኘና ቆመ። «ይቺን ተዪልኝ።»

«ትቧጭርዎታለች እኮ!»

«ትቧጭረኝ። የድሮ ቤቴን ግድግዳ እጄ ያውቀዋል፤ የቱ ጋ እንደሚጎረብጥ፣ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ። እዚህ ሁሉም አንድ ነው። ወጥ ቤት መድረሴን የምትነግረኝ ይቺ ናት። መደርደሪያዋ ሳትመጣ በፊት ውሃ ልጠጣ ወጥቼ መመለሻው ጠፋብኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

አቶ ወጋየሁ ከኋላ ሆነው ይሰሙ ነበር። «መቼ?»

«ገበያ ሄደህ ሳለ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ መቼ አረፍክ?»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ እኮ ያመመሽ መስሎኝ...» አሉ።

ገዲሴ የት እንደምታይ ጠፋት። የቆረጠችውን ፕላስቲክ ወደ ጎን አደረገችና የብርጭቆ ወረቀት አወጣች። ስንጥሩን ብቻ ቀስ አድርጋ አነሳች፤ ኮላ በውሃ አቅጥና በጨርቅ አጠጣችው፤ ሲደርቅ ደገመችው።

«ይንኩት እስቲ፣ እማማ።»

እማማ ሸዋረገድ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። «አይወጋም» አሉ። «ግን ራሷ ናት።»

ዕቃዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል አቶ ወጋየሁ፣ «መታጠቢያ ቤቱስ? እሱም ይጠፋሻል?» ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ።

«ይጠፋኛል» አሉ እማማ፣ ሲያጠፋ እንደተያዘ ሕፃን።

ገዲሴ በመስኮት ወደ ታች አየች። የታክሲው ሰልፍ ጀምሯል። ነገ እመጣለሁ ለማለት አፏን ከፈተችና ተወችው። ሻንጣዋን እንደገና ፈታ ትርፍራፊ ፕላስቲክ መረጠች፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር መቃን ላይ ሲለጠፍ ለእጅ ከፍ ብሎ የሚታወቅ ወፈር ያለ።

«እጅዎ የሚያርፈው የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ።»

እማማ ሸዋረገድ ግድግዳውን ይዘው ቀደሙ። አቶ ወጋየሁ የማስቲሹን ቆርቆሮ አንስተው ተከተሉ።