ያልተጎነጎነው ጎን

አርባ ዓመት የሰው ፀጉር ሲሠሩ የኖሩት ሴትዮ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተነካሁ» ባሉ ቁጥር የሚያምናቸው ጠፋ።

«አሁንስ?» አለች አዲሷ የእጅ ሕክምና ባለሙያ፣ የመዳሰስ ስሜት የምትፈትንበትን ቀጭን የናይሎን ክር ይዛ።

«ሌባ ጣቴን።»

«ገና አልነካሁዎትም፣ እማማ።»

ከኋላ የቆመችው ምራታቸው ሳቋን በመዳፏ አፈነች። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ትንሽ ዞሮባቸዋል» ብላ አንሾካሾከች።

«የዞረብኝስ አንቺን ለልጄ ያጨሁ ቀን ነው!»

ከሦስት ወር በፊት የተሰበረ የመስኮት መስታወት የቀኝ እጃቸውን አንጓ ሸርክቶት፣ ጅማቱም ነርቩም ተሰፍቷል። ቁስሉ ድኗል፤ ጣቶቹ ግን የሌላ ሰው ይመስል ደንዝዘው ቀሩ። የፊተኛው ባለሙያ ሊጥ መሳይ ነገር ያስጨምቃቸው፣ የእንጨት ችንካር ቀዳዳ ውስጥ ያስሰካቸው ነበር። ሥራዎ ምንድን ነው ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም። ወሬውም ከምራትየዋ ጋር ነበር፤ እሳቸውን እንደ ዕቃ መሃል አስቀምጦ። አንድ ቀን ችንካሩን ወለሉ ላይ ዘርግፈውለት ወጡ።

ይቺኛዋ ወረቀቷን አስቀመጠች። ምራትየዋን «እባክሽ ውጭ ጠብቂን» አለችና ወንበሯን ሳበች።

«ተሳስተዋል አላልኩም። የሚነካዎት ምን ዓይነት ነገር ነው?»

ሴትዮዋ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

«ፀጉር ነው። እርጥብ ፀጉር፣ በጣቶቼ መሃል ሲሳብ። የማን እንደሆነም አውቀዋለሁ፤ የታናሽ እህቴ ነው።»

ባለሙያዋ «አይዞዎት» ብላ አልሸነገለቻቸውም። የደነዘዘውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ይሄ የሴትዮዋን አፍ ፈታው።

እህትየዋ የሞተች ቀን ሬሳዋን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ፀጉሯን ሳልሠራ አትወጣም ብለው ራስጌዋ ተቀመጡ። ግራውን ጎን ጎንጉነው ወደ ቀኙ ሲዞሩ «የቀብር ሰዓት ደርሷል» ተባለና ሬሳ የሚሸከሙት ወንዶች ገቡ። ከእጃቸው ላይ ወሰዷት። ግማሽ ራሷ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተበትኖ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የስንቷን ራስ ሠርተዋል። ቀኙን ጎን ሲጀምሩ ግን ጣታቸው አንዳፍታ ቀጥ ይላል። ያወቀባቸው የለም።

«አሁን ሌላውን ሁሉ መንካት ሲያቅተኝ እሷን ብቻ እነካለሁ።»

«ነርቩ እያደገ ሲመጣ የሌለ ነገር መሰማቱ ያለ ነው» አለች ባለሙያዋ በቀስታ። «ሲድኑ ይጠፋል።»

«እሱ አይደል የሚያስፈራኝ! ሳልጨርስላት ብትጠፋብኝስ? ቤቴ ሄጄ ልምምዱን የማልሠራው ለዚህ ነው። ሰነፍ ሆኜ እንዳይመስልሽ።»

«ታዲያ ይሄ እጅ ምን እንዲሠራልዎት ነው የሚፈልጉት?»

ሦስት ወር ሙሉ ሲገላበጥ ለከረመው እጃቸው ይህን የጠየቀለት አልነበረም።

«ያን ጎን እንዲጨርስ።»

ባለሙያዋ ተነሥታ ሦስት የሱፍ ክር ከወንበር መደገፊያ ላይ አሰረች። ሴትዮዋ ጀመሩ። ደንዛዛው ጣት ክሩን ለቀቀው፤ ሰደቡትና መልሰው ያዙ። ጣቱ አልታዘዝ ሲል በዓይናቸው እየመሩት አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ ሄዱ። ሦስተኛው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከጣታቸው ወደ መዳፋቸው ሲወርድ ተሰማቸው። በደህናው በግራ እጃቸው ክሩን ዳሰሱት። ደረቅ ነው።

«መጣች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የባለሙያዋ ክንድ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ። «እናቁም?»

«ምን ሲደረግ! ይልቅ ይሄን የበግ ጭራ ከፊቴ አንሺልኝ። የሱፍ ክር ምን ያደርግላታል? ራስ ነው የምፈልገው፣ ሙቀት ያለው የሰው ራስ። ፀጉርሽን ፍቺና ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ቁጭ በይ። በቀኝ በኩል ነው የምጀምረው፤ ቢያምሽም እንዳትነቃነቂ!»