በአንድ ቀን አንድ ሕመም

ሄክተር ማክፊ ታጣፊ ወንበራቸውን ክሊኒኩ በር ላይ ሲዘረጉ ከፊታቸው ሰባት ወንበር ተደርድሯል። ከሰባቱ ሰው የተቀመጠባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። የቀሩትን ባለቤቶቻቸው ለተራ አስቀምጠዋቸው መኪና ውስጥ ይሞቃሉ። በእኛ ከተማ የወንበር ተራ ይከበራል፤ የሰው ወንበር የሚገፋ እስካሁን አልተገኘም።

ከፊታቸው የተቀመጠው ሜልቪን ነው፤ አብረው ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ያጠመዱበት ዘመን አለ።

"ዛሬ ምንህን ይዘህ መጣህ?" አላቸው።

"አንተስ?"

"እኔ ጉልበቴን ነው። ትከሻዬን ቤት ትቼዋለሁ።"

ሜልቪን መቀለዱ አልነበረም። ክሊኒኩ በር ላይ "በአንድ ቀን አንድ ሕመም ብቻ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት ያመመው ሰው ሁለት ቀን ይሰለፋል።

"የግፊት ክኒኔ ሐሙስ ያልቃል" አሉ ሄክተር። "ግራ እግሬ ደግሞ ከጣቶቹ ጀምሮ እየደነዘዘ ነው።"

"እና የቱን መረጥክ?"

"ክኒኑን።"

"እግርህስ?"

"ይጠብቅ። መጠበቅ ከእኔ ተምሯል።"

የድሮው ሐኪማቸው ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ጊዜ ሚስታቸው ኤፊ የቤተሰብ ሐኪም የሌላቸው ሰዎች መዝገብ ላይ ሁለቱንም አስመዘገበች። ኤፊ ሁለት ዓመት ሆናት ካረፈች። ሄክተር ቋሚ ሐኪም እስኪመደብላቸው አሁንም እየጠበቁ ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ስማቸው ተጠራ። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። ግፊታቸውን ለካ፣ ማዘዣውን ጻፈ፣ ተነሣ።

"እግሬ ደግሞ..." አሉ ሄክተር።

"ይቅርታ፣ ለእግርዎ ሌላ ቀን ይምጡ። ውጭ ገና አሥራ ሁለት ሰው አለ።" በሩን ይዞ ቆመ። "ለእንዲህ ያለው ነገር ቋሚ ሐኪም ቢኖርዎት ጥሩ ነበር።"

"አዎ፣ ጥሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ" ብለው ወጡ።

መዝጋቢዋ ጆሊን እያነከሱ ሲያልፉ አይታ አላስቻላትም። "የኔ ጌታ፣ ቆይ እስቲ፣ መዝገቡ ላይ የት እንደደረሱ ልይልዎት" አለችና ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች።

"ግንቦት ላይ እኮ ደውለውልዎታል። ሐኪም ተገኝቶልዎት ነበር።"

"ለእኔ? ማንም አልደወለልኝም!"

ጆሊን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የደወለችው ሠራተኛ የጻፈችውን አነበበችላቸው። "'ተመዝጋቢው የጤና ካርድ ቁጥራቸውን ብጠይቃቸው፣ ሽማግሌ ስትዘርፊ አታፍሪም ወይ፣ እናት የለሽም ወይ ብለው ዘጉብኝ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ብደውልም አላነሡም።' እንዲህ ነው የሚለው።"

ሄክተር አስታወሱ። እንዴት ይረሱታል! በዚያ ሳምንት፣ የከተማው ሰው ቅዳሜ ቁርስ በሚበላበት በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ፣ ሌባዋን እንዴት አድርገው እንዳዋረዷት ቆመው ተርከውልናል። እኛም አጨብጭበንላቸዋል። "ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ" የሚለውን፣ ፖሊስ ከስልክ ሌቦች ተጠንቀቁ ብሎ ያደለንን ወረቀት ከስልካችን አጠገብ ያልለጠፍን ማን አለ? ስልክ ማንሣት ድሮ የኤፊ ሥራ ነበር። እሷ ብትሆን አንድ ሁለት ነገር ጠያይቃ፣ የልጅቷን አገር ሳይቀር አውቃ፣ ቀጠሮ ይዛ ነበር የምትዘጋው።

"አሁንስ?" አሉ።

"እንደ አዲስ ከመጨረሻ ነው፣ የኔ ጌታ። እኔው እመዘግብዎታለሁ። እባክዎ ከእንግዲህ የሚደወለውን ሁሉ ያንሡ።"

እቤት ገብተው ሾርባቸውን ጣዱ። ከስልኩ አጠገብ ያለውን የፖሊስ ወረቀት ገንጥለው አጣጠፉና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ባዶ ወንበር እያዩ በሉ። ሳህናቸውን ሲያጥቡ ስልኩ ጮኸ። የማያውቁት ቁጥር ነው። እጃቸውን እንኳ ሳያደርቁ ሮጡ፤ የደነዘዘው እግራቸው ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ።

"ሄሎ! ማክፊ ነኝ! አለሁ፣ አልዘጋሁም!"

"እንደምን ዋሉ ጌታዬ" አለ አንድ የወንድ ድምፅ። "ከባንክዎ ነው የምደውለው። ሂሳብዎ ላይ ትንሽ ችግር ተፈጥሯል።"

ሄክተር ባንካቸውን ያውቁታል። ባንካቸው ማለት ገንዘብ ከፋይዋ ሮንዳ ናት፤ ጉዳይ ካላት በመስኮት ነው የምትጠራቸው። ሊዘጉት ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት።

"ለመሆኑ" አለ ሰውየው፣ ከወረቀት እንደሚያነብ ሁሉ ሳይቸኩል፣ "ጤናዎ እንዴት ነው?"

የሄክተር እጅ አየር ላይ ቀረ። ከጠዋት ጀምሮ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ወንበሩን በደህናው እግራቸው ስበው ተቀመጡ።

"የባንክ ቁጥሬን አልሰጥህም" አሉ። "እግሬን ግን ልንገርህ። ከጣቶቹ ነው የጀመረኝ።"