የታኅሣሥ አምስቱ ጉድጓድ

ግልፍተኛ ነኝ፤ ተማሪ ሳያነብ ሲፈርም ደሜ ይፈላል። ዳንግላ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የአፈር ጥበቃ ሳስተምር ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አምና በመጀመሪያው ቀን ኮርስ አውትላይን አደልኩ፤ «ጥያቄ አለ?» ስል ሁሉም ዝም ብለው ፈረሙ። ለመስክ ልምምድ የአፈር ጉድጓድ የምንቆፍርበት ቀን ሲደርስ ግን ከሠላሳው አሥራ አንዱ ቀሩ። በንዴት ለቀሩት ሁሉ የልምምዱን ውጤት ዜሮ ሰጠሁ። ሸጋ የምትባል ጎበዝ ተማሪ በዚያ ዜሮ ወደቀች። ዘንድሮ ኮርሱን ልትደግም ከኋላ ተቀምጣለች፤ ሳያት ቅር ይለኛል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ላስነብባቸው ቆርጬ ገባሁ። ወረቀቱን አድዬ ጠበቅኩ። «ጥያቄ አለ?» ዝም። ንዴቴ ሊመጣ ሲል ሽባባው እጁን አወጣ። ጎልማሳ ተማሪ ነው፤ የሰፈሩ እድር ጸሐፊም ነው።

«መምህር፣ እንዲህ ከጠየቁ ማንም አይናገርዎትም» አለ። «መምህር ያወጣውን መንቀፍ ነውር ነው። እኛ የእድር ደንብ ስናወጣ አንቀጹን ለየሰዉ እናድላለን። የደረሰው ሰው ቢወደውም መቃወም አለበት። ግዴታው ስለሆነ ማንም አይቀየመውም።»

ሐሳቡ ደስ አለኝ። ከኮርስ አውትላይኑ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ተራ ቁጥር ሰጠሁ። ክፍሉ ወዲያው ነፍስ ዘራ። አንዱ ስለ ማርፈድ የሚለውን ተቃወመ፤ ከጥሊሊ የሚያመጣኝ ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም አለ። ተከራክሬ ተረታሁ፤ አሥር ደቂቃ ጨመርኩ። መረታት እንዲህ እንደሚጥም አላውቅም ነበር።

የመስክ ልምምዱ ለሸጋ ደረሳት። ወረቀቱን አየችና አቀረቀረች።

«ግዴታሽ ነው እኮ» አላት ሽባባው።

«ታኅሣሥ አምስትን እቃወማለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የምንቆፍርበት ቀበሌ የኔ አገር ነው፤ ደብራችን አቦ ነው። በወር በገባ በአምስት መሬት አይቆፈርም። ከተቆፈረ በረዶ ሰብሉን ይመታዋል ይባላል። አምናም በዚሁ ቀን የቀረነው ሁላችንም የዚያ አገር ልጆች ነን።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጥያቄ አለ ወይ አሉን እንጂ ቀኑ ይመቻችኋል ወይ መች አሉን፣ መምህር?»

አፈርኩ፤ ማፈሬንም በክፍሉ ፊት ተናገርኩ። ቀኑን ስድስት እናድርገው ስል ከአዘና የመጣ ልጅ በኛ ደብር ቁስቋም ናት አለ፤ ሰባት ስል ሥላሴ ነው ተባልኩ። በመጨረሻ ዘጠኝ ላይ ተስማማን። የዚያኑ ዕለት ሬጅስትራር ሄጄ የአምናዎቹ አሥራ አንድ ተማሪዎች ውጤት ያለ መስክ ልምምዱ እንዲሰላ ጻፍኩ። ሸጋም የአምናውን ኮርስ አለፈች።

ታኅሣሥ ዘጠኝ ጠዋት ከተማሪዎቼ ጋር የምንቆፍርበት ማሳ ስንደርስ ሸጋ ቀድማን ቆማለች። አጠገቧ አንድ ሰው ወገባቸው ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በዶማ ይቆፍራሉ።

«አንቺ አልፈሽ የለም እንዴ?» አልኳት።

«አልፌያለሁ። አገሬ ድረስ መጥታችሁ ልቅር?» ወደ ሰውየው አየች። «አባቴ ናቸው። አምና የቆፈራችሁትን በማግስቱ መጥተው የደፈኑት እሳቸው ነበሩ።»

ሰውየው ላባቸውን ጠርገው ዶማውን አቀበሉኝ።

«ዛሬ ቀኑ ጥሩ ነው» አሉ። «ይግቡ፣ የኔታ።»