የሹፌሩ መስኮቶች

የአሉሚኒየም ሠራተኛው ሜትሩን ከኪሱ ሲያወጣ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ። ሰውየው እንደ ማፈር ብሎ ጫማውን በሩ ላይ ጠረገና መስኮቱ ሥር በተቀመጡ ሁለት አሮጊቶች ራስ ላይ ተንጠራርቶ ወርዱንም ቁመቱንም ለካ። አሮጊቶቹ አንገታቸውን ሰበር አደረጉለት። ወጥቶ ሲሄድ ግን አንደኛዋ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ፣ "አፈሩ ሳይደርቅ ቤቱን ሊያፈርሱት ነው እንዴ?" አለች። እሷ ማንሾካሾኳ ነው፤ ጆሮዋ ስለደከመ ግን ቤቱ ሁሉ ሰማት።

የሟቹ ሚስት አዋላጇም ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና ሰማች። ዕድሜ ልኳን ሰው በሚያምጥበት ክፍል ውስጥ ስትሠራ ኖራ፣ ጭንቅ ባለበት ቤት ለሚወራው ሁሉ መልስ እንደማይሰጥ ታውቃለች። ደግሞም ሊያጽናኗት ከመጡት ውስጥ ስንቱን በገዛ እጇ ተቀብላዋለች።

የአሉሚኒየም ሠራተኛውን ያመጣው ልጇ ነው። የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው፤ እጁ ሥራ ካልያዘ የሚቆምበት ቦታ የሚጠፋው ዓይነት ሰው። አባቱ ከተቀበረ ወዲህ ወንበር ሲበደር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲጠግን፣ ለለቀስተኛው ሻይ ሲያመላልስ ሰነበተ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብሎ አላለቀሰም። አሁን ደግሞ ወደ መስኮቶቹ ዞረ።

መስኮቶቹ የቤቱ እኩያ ናቸው። እንጨት ናቸው፤ በትንንሽ መስታወት የተከፋፈሉ፣ ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበባቸው ያበጡ። የመኝታ ቤቱ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። የጓዳው ከነጭራሹ መከፈት ከተወ ቆይቷል። የመመገቢያ ክፍሉ ደግሞ መዝጊያ የለውም፤ ክፍቱ ላይ ፕላስቲክ ተወጥሮበት ነፋስ በመጣ ቁጥር እንደ ሰው ሆድ ይነፋል፣ ይሰረጉዳል። መዝጊያው ጓሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። የግማሹ ቀለም ተፍቋል፤ የቀረውን ሳይፍቅ ፋቂው ሞተ።

ሟቹን ሰፈሩ "ሹፌሩ" ነው የሚለው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ ከፌርማታ ውጭ ንጉሥም ቢሆን አይጭንም በመባል ይታወቅ ነበር። የቀብሩ ዕለት አንድ የድሮ ባልደረባው፣ "ሞትም ቢሆን ፌርማታ ላይ ቆሞ ጠብቆት መሆን አለበት" ሲል ሰዉ ሳቁን በእጁ ለማፈን ተቸገረ። አዋላጇም ፈገግ አለች።

ሹፌሩን የዓይን ሕመም ሲይዘው እይታው የጠፋው ከዳር ጀምሮ ነበር። ነገሩን ቀድማ ያወቀችው አዋላጇ ናት፤ አንድ ቀን ሻዩን ከብርጭቆው አጠገብ ሲቀዳ አየችው። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሞከሩ። መሪውን ለሌላ አስረክቦ ቤት ሲውል ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። ያ ለሰው ሁሉ ቀልድ የማያጣ አፍ ተዘጋ።

ያን ጊዜ እሷ መስኮቶቹን አስቀይርልኝ እያለች ስትነዘንዘው ዓመታት አልፈው ነበር። ብርዱ ጉልበቷ ውስጥ ገብቶ አላስቀምጥ ብሏት፣ የአሉሚኒየሙን ቀለም ሳይቀር በልቧ መርጣ ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ አድራ ስትመለስ የመፋቅ ድምፅ ሰማች። ሹፌሩ የሳሎኑን መዝጊያ ነቅሎ፣ ጭኑ ላይ አስደግፎ በቢላዋ ቀለሙን ያነሳል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"መስኮትሽን እያደስኩ።"

"በማያይ ዓይንህ?"

"እጄ መች ታወረ?" አላት።

ከዚያ ወዲያ ስለ አሉሚኒየም አላነሳችም። ከዚያ ወንበር ላይ የተነሳን ሰው ተመልሰህ ተቀመጥ የሚል አንጀት አልነበራትም። አንዱን መዝጊያ ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል፤ እሷ መስታወቱን ትይዛለች፣ እሱ መስታወቱን ከእንጨቱ የሚያጣብቀውን ስቱኮ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ይደፍናል። ቀለሙ በተላጠ ቁጥር ሥሩ ምን እንደወጣ ይጠይቃታል። ሰማያዊ ነው ስትለው፣ "ልጁ ሲወለድ የቀባነው ነዋ፤ ሽታው ራስሽን ያዞረሽ" ይላል። ከሰማያዊው በታች ክሬም ወጣ ስትለው ደግሞ፣ ከተጋቡ በኋላ እዚህ ቤት የገቡ ሰሞን ሁለቱም ከነልብሳቸው በቀለም መነከራቸውን አንስቶ ይስቃል። እንዲህ እያለ አፉ ተመልሶ ተፈታ።

የአሉሚኒየም ሠራተኛው በመጣበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ልጇ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ጠራት። ሁሉም መስኮት በአንዴ ሊቀየር እንደሚችል፣ ሠራተኞቹ ለሐዘኑ ሲሉ ድምፅ ሳያበዙ እንደሚጨርሱ ነገራት።

"እማዬ፣ አንቺ ራስሽ አልነበርሽም እንዴ የምትለምኚው?"

"ነበርኩ።"

"ታዲያ አሁን ምን ቀረ?"

ወደ ተወጠረው ፕላስቲክ ዞሮ በመዳፉ መታው። "እሱን የገደለው ይኼ ብርድ ነው። እኔ የሰው ሕንፃ ላይ መስኮት ስገጥም እውላለሁ፣ አባቴ ፕላስቲክ ሥር ይቀመጣል።" ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ።

አዋላጇ ያን ሁሉ ወንበርና ቧንቧ፣ ያን ሁሉ ሜትር ያሸከመው ይኼ ጸጸት መሆኑ ያን ጊዜ ገባት። ክንዱን ያዘችው።

"ልቡ ነው ያቆመው። ደረቱ ላይ ጆሮዬን አሳርፌ ነበር፤ ሳንባው ጥርት ያለ ነበር።"

"እኔን ለማጽናናት ነው የምትዪው።"

"እኔ ሰው ላጽናና ብዬ ስለ ትንፋሽ ዋሽቼ አላውቅም" አለችው።

ወደ ሳሎን ወሰደችው። ሁለቱ አሮጊቶች አሁንም መስኮቱ ሥር ናቸው። ብርድ አለ ወይ ብላ ብትጠይቃቸው፣ ጆሮዋ የደከመው አሮጊት እዚያ የተቀመጡት ከቤቱ ሁሉ ሙቀት ያለው እሱ ቦታ ስለሆነ መሆኑን ነገረቻት። ልጇ አባቱ ባደሰው ክፈፍ ዙሪያ እጁን አዞረ፤ ሽው የሚል ነገር የለም። መዝጊያውን በአንድ ጣቱ ሳበው፣ ተከፈተ፤ ገፋው፣ ቀጭ ብሎ ገጠመ። የሙያ ሰው ነውና ደግሞ ደጋግሞ አየው።

ከዚያ መኝታ ቤት ገቡ። የዚያኛው የታችኛው እንጨት በስብሶ፣ አውራ ጣቷን ብታሳርፍበት ሰመጠ። "አባትህም ይኼኛው አብቅቶለታል ብሎኝ ነበር። ይኼንን አስቀይረው፤ ጉልበቴ ይመርቅሃል። የቀሩት ይታደሱ።"

ልጁ ወደ ጓሮ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን መዝጊያ በሜትር ሊለካው ይሆናል ብላ ስትጠብቅ፣ እንጨት ላይ የመፋቂያ ድምፅ ሰማች። ቆየት ብላ ስትወጣ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የተፋቀውን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነው። ዓይኑ ተሞልቶ፣ እንባው እንጨቱ ላይ ጠብ ይላል፤ አይጠርገውም። ነጩ የቀለም ብናኝ ጸጉሩ ላይ ተነስንሷል፤ ቅንድቡም ሪዙም ሸብቶ፣ ሹፌሩን ቁርጥ ሆኗል።

የሻሿን ጫፍ ይዛ ብናኙን ልትጠርግለት ተጠጋች።

"ምነው እማዬ?" አላት ቀና ብሎ።

እጇን ሰበሰበች። "ምንም። ሥራህን ሥራ" አለችውና ብናኙን ሳትነካ አጠገቡ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።